ጥርስ ሲነቀል፦ ከቀጠሮው ጀምሮ ጉድጓዱ እስኪሞላ

ከሥራው ሁሉ አጭሩ መንቀሉ ነው። ማደንዘዣው በደንብ ከያዘ አንድ ስር ያለው የፊት ጥርስ በጥቂት ደቂቃ ይወጣል፤ መንጋጋም ቢሆን ስሩ ካልተሰበረ ብዙ አይቆይም። ሰው በሦስተኛው ቀን ጉንጩን ይዞ ወደ ክሊኒክ ሲመለስ ብዙ ጊዜ ነገሩ የተበላሸው ከመነቀሉ በፊት ወይም ከተነቀለ በኋላ ነው። ወይ ለሐኪሙ ሳይነገር የታለፈ በሽታና መድኃኒት አለ፣ ወይ ደግሞ ቤቱ እንደገባ ተጉመጥምጦ ጉድጓዱ ውስጥ የረጋውን ደም አጥቦ አውጥቶታል።

በእርግጥ መነቀል አለበት?

የታመመ ጥርስ ሁሉ አይነቀልም። ቀዝቃዛ ውሃ ሲነካው ጠቅ አድርጎ በሰከንዶች ውስጥ የሚተው ጥርስ አብዛኛውን ጊዜ በሙሌት ይድናል። ትኩስ ሻይ ከተጠጣ በኋላ ረጅም ጊዜ የሚጠዘጥዝ ወይም ሌሊት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ከሆነ ቡርቦራው ነርቩ ጋ ደርሷል ማለት ነው፤ ያኔም ከድድ በላይ በቂ አካል ከቀረው በስር ሕክምና፣ ማለትም የታመመውን ነርቭ አውጥቶ ስሩን በመሙላት፣ ሊተርፍ ይችላል። የሚነቀለው ከድድ በታች ድረስ የተሰበረ፣ ስሩ ቁልቁል የተሰነጠቀ፣ በድድ በሽታ የያዘውን አጥንት አጥቶ የሚነቃነቅ፣ ወይም ቦታ አጥቶ በአግድም የተኛና ድዱን ደጋግሞ የሚያሳብጥ የመጨረሻ መንጋጋ ነው።

ሐኪሙን «ማዳን አይቻልም ወይ? ካልተቻለ ለምን?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም። ራጁን ብርሃን ላይ ይዞ ጉዳቱ የደረሰበትን ቦታ ያሳይዎት። የስር ሕክምና፣ ከላዩ የሚደረገው ክዳን ሲጨመርበት፣ ከመንቀል ብዙ እጥፍ ያስወጣል፤ ብዙ ሰው መነቀሉን የሚመርጠውም ለዚሁ ነው። ሲያሰሉ ግን ኋላ ጎደሎውን ለመተካት የሚወጣውንም ይደምሩበት።

«ፊት ካበጠ አይነቀልም፣ መጀመሪያ መድኃኒት ይዋጥ» የሚባለው እንደ ደንብ ሲወሰድ ስህተት ነው። የመግሉ ምንጭ የሞተው ጥርስ ነው። አሞክሳሲሊን የተባለው አንቲባዮቲክ እብጠቱን ያስታግሰው ይሆናል እንጂ ምንጩን አያደርቀውም፤ ኪኒኑ ሲያልቅ ተመልሶ ያብጣል። እርግጥ ነው፣ የቆሰለና መግል የቋጠረ ሥጋ አሲድነቱ ስለሚጨምር ማደንዘዣው እዚያ ቦታ በደንብ አይሠራም። ስለዚህ ሐኪሙ ከእብጠቱ ራቅ ብሎ ነርቩን ከመነሻው ያደነዝዛል፣ ወይም መግሉን መጀመሪያ ያፈሳል፣ አፍ አልከፈት ካለም ለጥቂት ቀን ያቆየዋል። ይህን የሚወስነው አይቶ ነው። በራስ ፈቃድ ከመድኃኒት ቤት አንቲባዮቲክ እየገዙ ወራት መግፋት ግን መግሉ ወደ አንገት እንዲወርድ ጊዜ መስጠት ነው።

ሳይነገር የማይታለፍ

ካርድ ሲወጣ «ሌላ በሽታ አለብዎት?» ሲባል «ደህና ነኝ» ብሎ ማለፍ የተለመደ ነው። ሰው ጥርስን ከልብና ከኩላሊት ጋር ስለማያገናኘው ይሆናል። የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ከነማሸጊያው ይዞ መሄድ ከሁሉ ይሻላል።

ደም እንዳይረጋ የሚሰጡትን ዋርፋሪን፣ ክሎፒዶግሬል ወይም አስፕሪን የሚወስድ ሰው መንገር እንጂ በራሱ ማቋረጥ የለበትም። ከአፍ የሚፈስ ደም ተጭኖና ተሰፍቶ ይቆማል፤ መድኃኒት በማቋረጥ ልብ ወይም አንጎል ውስጥ የሚረጋ ደም ግን እንዲህ በቀላሉ አይታከምም። ዋርፋሪን ለሚወስድ ሰው በሦስት ቀን ውስጥ የተሠራ፣ ደሙ ለመርጋት ምን ያህል እንደሚዘገይ የሚያሳየው የአይኤንአር ምርመራ ውጤት ያስፈልጋል፤ ቁጥሩ ከ4 በታች ከሆነ አንድ ጥርስ መንቀል አብዛኛውን ጊዜ አይከለከልም።

የልብ ቫልቭ ሕመም በአገራችን ብዙ ነው። ሰው ሠራሽ ቫልቭ የተደረገለት ወይም ቀደም ሲል የልብ ውስጠኛ ግድግዳው ተመርዞ የታከመ ሰው ከመነቀሉ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ በፊት አንቲባዮቲክ መውሰድ አለበት፤ ለአዋቂ የተለመደው 2 ግራም አሞክሳሲሊን በአንድ ጊዜ ነው፣ ማለትም ባለ 500 ሚሊግራሙ አራት ፍሬ። በየወሩ ፔኒሲሊን የሚወጋ ሰው ይህንኑ ለይቶ ይናገር፤ አፉ ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች ፔኒሲሊኑን ለምደውት ሊሆን ስለሚችል ሌላ ዓይነት ይታዘዝለታል።

ደም ግፊት በዚያ ዕለት ይለካል። 180 በ110 እና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ አጣዳፊ ካልሆነ በቀር ቀጠሮው ይዛወራል። የስኳር ሕመምተኛ መድኃኒቱንም ቁርሱንም ሳያስቀር በጠዋት ቢሄድ ይመረጣል። ለአጥንት መሳሳት አሌንድሮኔት የሚውጥ፣ በካንሰር ምክንያት ዞሌድሮኒክ አሲድ የተሰጠው፣ ወይም አንገቱና መንጋጋው አካባቢ የጨረር ሕክምና የወሰደ ሰው ከብዙ ዓመት በኋላም ቢሆን ሊናገር ይገባል፤ የእነዚህ ሰዎች አጥንት ከተነቀለ በኋላ ሳይድን ሊቀር ይችላል። ለነፍሰ ጡር የሚመቸው ጊዜ ከአራተኛው እስከ ስድስተኛው ወር ነው። ሊዶኬይን የተባለው ማደንዘዣ አይከለከልም። መግል ከያዘ ደግሞ ወሩን መጠበቅ አያስፈልግም፤ መመረዙ ራሱ ከመነቀሉ የበለጠ ያሰጋል።

በቀጠሮው ጠዋት

በልተው ይሂዱ። ወንበር ላይ ራሱን የሚስት ሰው ብዙውን ጊዜ ምንም ያልቀመሰና የፈራ ነው፤ ሆድ ባዶ ሲሆንና ድንጋጤ ሲጨመርበት የደም ግፊት ድንገት ይወርዳል። የሚጾም ሰው ከቻለ ቀጠሮውን ከጾሙ ውጭ ወይም ቁርስ በልቶ ከሚውልበት ቀን ጋር ያስማማ፤ ካልቻለ ከንስሐ አባቱ ጋር ቀድሞ ይነጋገር። በረመዳንም ነገሩ ያው ነው፤ የማያጣድፍ ከሆነ ከጾሙ በኋላ ማድረግ፣ ከበረታ ግን እንደ ሕመምተኛ መቁጠር። ማስታገሻ ተሰጥቶ እንቅልፍ በሚያስወስድ ሁኔታ የሚሠራ ከሆነ ብቻ ነው «ሳይበሉ ይምጡ» የሚባለው፤ ያንን ክሊኒኩ አስቀድሞ ይነግርዎታል።

ከቁርስ በኋላ ጥርስዎን በደንብ ይቦርሹ። ጫት ቅሞ መሄድ አይገባም፤ ጫት የልብ ምትንና ግፊትን ከፍ ያደርጋል፣ ማደንዘዣው ውስጥም አድሬናሊን አለ። «ድፍረት ይሰጠኛል» ተብሎ የሚጠጣ አረቄም ደሙን ያበዛዋል እንጂ ሕመሙን አይቀንስም። የታመመው ድድ ላይ አስፕሪን ማስቀመጥም እንዲሁ ይቅር። አሲድ ስለሆነ ድዱን ነጭ አድርጎ ይልጠዋል፣ ጥርሱም አይድንም።

ክሊኒኩ ውስጥ አንድ ነገር ልብ ብለው ይዩ። መሣሪያዎቹ ከታሸገ ከረጢት እፊትዎ መውጣት አለባቸው፤ በእንፋሎት በሚያመክነው አውቶክሌቭ ውስጥ ያለፈ ከረጢት ላይ ቀለሙን የሚቀይር ምልክት አለ። መርፌውም ማደንዘዣ የያዘው ትንሽ ብርጭቆም አዲስ መሆን አለባቸው። ሄፓታይተስ ቢ እና ኤችአይቪ በደም የሚተላለፉ ናቸውና ይህን መጠየቅ ድፍረት አይባልም። ጉጠቱን በውሃ አለቅልቆ ለሌላው ከሚጠቀም የመንደር ነቃይ መራቅ የሚገባውም በዚህ ነው።

ወንበሩ ላይ የሚሆነው

መጀመሪያ ራጅ ይነሳል። የስሩ ቁጥርና ቅርጽ የሚታየው በእሱ ነው። የታች መንጋጋ ሁለት ስር አለው፣ አንዱ ከፊት ሌላው ከኋላ። የላይኛው ሦስት ነው፤ ሁለቱ በጉንጭ በኩል፣ አንዱ በላንቃ በኩል። የላይኛው መንጋጋ ስር ሳይነስ ከተባለው የፊት አጥንት ክፍተት ጋር ይጎራበታል፤ የታችኛው የመጨረሻ መንጋጋ ደግሞ ለከንፈር ስሜት የሚሰጠው ነርቭ አጠገብ ሊደርስ ይችላል። ራጅ ሳይታይ የመጨረሻ መንጋጋ ይነቀል ከተባለ ለምን እንደሆነ ይጠይቁ።

ማደንዘዣው በብዛት 2 በመቶ ሊዶኬይን ከአድሬናሊን ጋር ነው፤ አንዱ ብርጭቆ ወደ 1.8 ሚሊሊትር ይይዛል። አድሬናሊኑ የደም ሥሮችን አጥብቦ መድኃኒቱን በቦታው ያቆየዋል፤ ለጥቂት ደቂቃ ልብ ድው ድው ቢል ከእሱ ነው። ለላይኛው ጥርስ አጠገቡ ባለው ድድ ላይ ይወጋል፤ የላይኛው አጥንት ሳሳ ያለ ስለሆነ ይዘልቃል። የታች መንጋጋ አጥንት ግን ጥቅጥቅ ያለ ነው፤ ስለዚህ ከመጨረሻው መንጋጋ ኋላ ገብቶ ነርቩን ከመነሻው መያዝ ያስፈልጋል። ይህኛው በትክክል ሲይዝ በዚያ በኩል ያለው የታች ከንፈር እኩሌታና የምላስ ጎን ወፍሮ የተነፋ ይመስላል። ከንፈሩ ካልደነዘዘ ጥርሱም አልደነዘዘም፤ ከአምስት እስከ አሥር ደቂቃ ጠብቆ ምንም ከሌለ እንደገና መወጋት አለበት። «ይቻላል፣ ጨከን በል» አይሠራም።

ሐኪሙ ሹል ብረት በድዱ ዙሪያ እየነካ «ያማል?» ይላል። እዚህ ጋ መለየት ያለበት ግፊትና ሕመም ነው። ማደንዘዣ የሚያጠፋው ሕመምን እንጂ ግፊትን አይደለም፤ መገፋቱ፣ መነቅነቁ፣ አንዳንዴም «ቀጭ» የሚል ድምፅ አጥንት አልፎ ጆሮ ድረስ ይሰማል። ሹል ሆኖ የሚወጋ ስሜት ካለ ግን ግራ እጅዎን ያንሱ። ከመጀመሩ በፊት ምልክቱን ይነጋገሩበት፤ በድንገት ጭንቅላት ማወዛወዝ ለሁለታችሁም አደጋ ነው።

ከዚያ ድዱ ከጥርሱ አንገት ይላቀቃል። ኤሌቬተር የሚባለው ቀጭን ብረት በጥርሱና በአጥንቱ መካከል ገብቶ ያላላዋል። ከዚያ በኋላ ነው ጉጠቱ የሚመጣው። ጥሩ ነቃይ ወደ ላይ አይጎትትም። ጉጠቱን መጀመሪያ ወደ ስሩ አቅጣጫ ገፍቶ ያስይዛል፣ ቀጥሎ ቀስ አድርጎ ወደ ጉንጭና ወደ ምላስ በኩል ያወዛውዘዋል፤ አጥንቱ እየሰፋ ጥርሱን ይለቃል። የላይ የፊት ጥርስ ስሩ ክብና አንድ ስለሆነ ማዞርም ይቻላል። መንጋጋን ለማዞር መሞከር ስሩን መስበር ነው።

ስር የሚሰበረው ሁልጊዜ በሐኪሙ ስህተት አይደለም። የተጣመመ ስር፣ የስር ሕክምና ተደርጎለት የደረቀ ጥርስ፣ ቡርቦራው ጉጠት የሚይዘውን ያህል አካል ያላስቀረለት ጥርስ ይሰበራል። ያኔ ድዱን ትንሽ ከፍቶ፣ ስሮቹን በመቦርቦሪያ ለያይቶ አንድ በአንድ ማውጣት ያስፈልጋል፤ መጨረሻ ላይም ይሰፋል። ስፌቱ በራሱ የሚሟሟ ከሆነ ይተዋል፤ ሐር ከሆነ በሳምንቱ ይወጣል። የስፌቱን ዓይነት ጠይቀው ይውጡ፤ ስፌት እንዳለባቸው ሳያውቁ የሚቀሩ ሰዎች አሉ። የወጣውንም ጥርስ ይመልከቱት፦ ስሮቹ ጫፋቸው ለስላሳና ሾጠጥ ያለ ከሆነ ሙሉ ነው፤ ጫፉ ሸካራና ጠፍጣፋ ከሆነ የቀረ አለ፣ ሐኪሙም ይህን ሊነግርዎ ይገባል።

የመጀመሪያው 24 ሰዓት

ጉድጓዱ በደም ይሞላል፣ ደሙም ይረጋል። አዲሱ ሥጋና አጥንት የሚያድገው በዚያ በረጋ ደም ላይ ነው፤ ከስሩ የተገለጠውን አጥንትና ነርቭ ከምራቅና ከምግብ የሚሸፍነውም እሱ ነው። የሚከለከለው ሁሉ ለእሱ ሲባል ነው።

የተጣጠፈውን ጎዝ ጥርስ ላይ ሳይሆን ልክ ጉድጓዱ ላይ አስቀምጠው ከ30 እስከ 45 ደቂቃ አጥብቀው ይንከሱ። በየአምስት ደቂቃው እያወጡ «ቆመ ወይ?» ብሎ ማየት የረጋውን መልሶ ይነቅለዋል። ምራቅዎን ይዋጡት፣ አይትፉ። መትፋትም በስትሮ መምጠጥም ሲጋራ መሳብም አፍ ውስጥ የሚፈጥሩት ያንኑ ስበት ነው፣ እሱም የረጋውን ደም ይጎትተዋል። ምራቅ ሮዝ መስሎ ቢያድር አያስደነግጥም፤ አንድ ጠብታ ደም አፍ ሙሉ ምራቅ ያቀላል። እውነተኛ መድማት አፍ ቶሎ ቶሎ በቀይ ደም ሲሞላ ነው። ያኔ ቀና ብለው ይቀመጡ፣ ንጹሕ ጎዝ አርጥበውና ጨምቀው ለ30 ደቂቃ ሳያነሱ ይንከሱ። ጎዝ ከሌለ በውሃ የራሰና የተጨመቀ የሻይ ከረጢት ይሆናል፤ ሻይ ውስጥ ያለው ታኒን ደም ለማርጋት ያግዛል። ይህ ሁለት ጊዜ ተደርጎ ካልቆመ ወደ ሐኪም ይመለሳል።

በጨው ውሃ መጉመጥመጥ ጥሩ ነው፣ ግን በዚያ ቀን አይደለም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ከ24 ሰዓት በኋላ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ለብ ባለ አንድ ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ተሟምቶ፣ በቀን አራት ጊዜ፣ በተለይ ከምግብ በኋላ፣ አፍ ውስጥ ይዞ ጭንቅላትን እያጋደሉ ማስቀመጥና ሳይተፉ ከአፍ እንዲፈስ መልቀቅ። ጉድጓዱ ውስጥ ቅርንፉድ፣ ነጭ ሽንኩርት ወይም ዳማከሴ መጠቅጠቅ አያስፈልግም፤ ያቆስላል፣ ቅጠሉም ከነቆሻሻው እዚያው ይቀራል።

ማደንዘዣው ከሁለት እስከ አራት ሰዓት ይቆያል። እስኪለቅ ድረስ አይብሉ፤ ከንፈርና ምላስን ሳያውቁ መንከስ የተለመደ ነው፣ በተለይ ልጆች። የመጀመሪያውን ማስታገሻ ግን ሳይለቅ ይዋጡት፤ ሕመም ከተነሳ በኋላ ማባረር ይከብዳል። አይቡፕሮፌን 400 ሚሊግራም ከ500 እስከ 1000 ሚሊግራም ፓራሲታሞል ጋር ለብዙ ሰው ከጠንካራ ኪኒን እኩል ይሠራል፤ ሁለቱም በየስድስት እስከ ስምንት ሰዓቱ፣ አይቡፕሮፌኑ በቀን ከ1200፣ ፓራሲታሞሉ ከ4000 ሚሊግራም ሳያልፍ። የጨጓራ ቁስለት ወይም የኩላሊት ችግር ያለበት፣ ዋርፋሪን የሚወስድ፣ አስፕሪን አስሙን የሚያስነሳበትና ነፍሰ ጡር አይቡፕሮፌንን ትተው ፓራሲታሞል ብቻ ይውሰዱ። ዲክሎፌናክ የዚያው ቤተሰብ ነው፤ ሁለቱን አብሮ መዋጥ ጨጓራን እንጂ ሕመምን አይጎዳም። ሜትሮኒዳዞል የተባለው አንቲባዮቲክ ከታዘዘ ደግሞ ጠላም ሆነ ቢራ አይጠጣም።

በረዶ በጨርቅ ጠቅልለው በጉንጭ ላይ 15 ደቂቃ ይያዙ፣ 15 ደቂቃ ይተዉ። እብጠት በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ከፍ ይልና ይቀንሳል፤ ማለዳ ተነስተው ካበጠ «ተመረዘ» ብለው አይደናገጡ። ሁለት ትራስ ተደግፈው ይተኙ።

ምግቡ ለብ ያለ አጥሚት፣ ቀጠን ያለ ሽሮ በርበሬው የተቀነሰ፣ ሾርባ፣ የተፈጨ ሙዝ፣ የተቀቀለ እንቁላል፣ በሶ በውሃ የተበጠበጠ። እንጀራ በማግስቱ በወጥ ርሶ፣ በሌላው በኩል። ቆሎ፣ ፈንዲሻና ተልባ ለሳምንት ይቅሩ፤ ፍሬያቸው ጉድጓዱ ውስጥ ይቀረቀራል። ቡና አልተከለከለም፤ ከጀበናው ወርዶ እንደተቀዳ መጠጣቱ ነው የሚከለከለው፤ ትኩሱ ደሙን እንደገና ያስነሳዋል። ሌሎቹ ጥርሶች በዚያው ምሽት በለስላሳ ብሩሽ ይታጠባሉ። መፋቂያ የሚጠቀም ሰው ግን በዚያ በኩል ለሳምንት ያቁም፤ ክሩ ይሰካል። ሲጋራ ቢያንስ ሦስት ቀን፣ ጫት ሳምንት።

የተበላሸ ሲሆን

በጉድጓዱ ላይ ከጥቂት ቀን በኋላ ነጭ ወይም ቢጫ ነገር ይታያል። አብዛኛው ሰው መግል ነው ብሎ በጥጥ ይጠርገዋል። ገና እያደገ ያለ የቁስል ሽፋን ነው፤ አይነካም።

ደረቅ ጉድጓድ የሚባለው ሌላ ነው። ሕመሙ እየቀነሰ ቆይቶ ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ቀን ድንገት ይበረታል፣ ወደ ጆሮና ወደ አንገት ይዛመታል፣ ማስታገሻም እምብዛም አይሰማውም። አፍ ይሸታል፤ በመስተዋት ሲታይ ጉድጓዱ ባዶ ነው፣ ከስሩ ግራጫ አጥንት ይታያል። በተለመደው መንቀል ከ100 ሰው ከ1 እስከ 5 ያህሉ ላይ ይደርሳል፤ በታችኛው የመጨረሻ መንጋጋ፣ በሚያጨሱና የወሊድ መከላከያ ኪኒን በሚወስዱ ሴቶች ላይ ይበዛል። መግል ስላልሆነ አንቲባዮቲክ አያድነውም። ሐኪሙ ጉድጓዱን አጥቦ መድኃኒት የተነከረ ጎዝ ያስቀምጥበታል፤ እፎይታው ብዙ ጊዜ በዚያው ቀን ይመጣል።

የላይ መንጋጋ ከተነቀለ በኋላ ውሃ ሲጠጡ በአፍንጫ ከወረደ ሳይነስ የተባለው ክፍተት ወደ አፍ ተከፍቷል ማለት ነው፤ አፍንጫ ሳይናፈጡና ሲያስነጥሱ አፍ ከፍተው በቶሎ ይመለሱ። የከንፈር መደንዘዝ በማግስቱም ካልለቀቀ ይንገሩ፤ አብዛኛው በሳምንታት ወይም በወራት ይመለሳል፣ ግን ከመጀመሪያው መመዝገብ አለበት። ከምላስ ስር የሚወጣ እብጠት፣ ከአገጭ በታች የሚጠጥር አንገት፣ መዋጥ ማቃት፣ የድምፅ መታፈን፣ ወይም ትንፋሽ ማጠር ካለ ጥርስ ክሊኒክ ሳይሆን ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል፤ ይህ በሰዓታት ውስጥ የመተንፈሻ መንገድን ሊዘጋ ይችላል። የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 907 ነው።

ጎደሎው

ድዱ በሦስት ሳምንት ገደማ ይገጥማል፤ አጥንቱ ግን ለመሙላት ወራት ይፈልጋል። በመሀል ከድዱ ላይ እንደ አሸዋ የሚቆረቁር ስንጥር አጥንት ብቅ ሊል ይችላል፤ ካልወጣ ሐኪም በጉጠት ያነሳዋል።

ክፍት የቀረ ቦታ እንደነበረ አይቆይም። ጎረቤቶቹ ወደ ክፍተቱ ያዘነብላሉ፣ ትይዩው ጥርስ ደግሞ ይወርዳል ወይም ይወጣል፤ ከዓመታት በኋላ ለመተካት ሲታሰብ ቦታው ጠብቦ ይገኛል። ተነቃይ ጥርስ ርካሹ ነው። ድልድይ፣ ማለትም በጎረቤት ጥርሶች ላይ ተደግፎ የሚጣበቅ ቋሚ ምትክ፣ ሁለቱን ጤነኛ ጎረቤት ጥርሶች ሞርዶ ማሳነስን ይጠይቃል። አጥንት ውስጥ የሚተከለው ኢምፕላንት አብዛኛውን ጊዜ ከሦስት እስከ ስድስት ወር ይጠበቅለታል፣ ከሁሉም ውድ ነው። የመጨረሻው መንጋጋ ከሆነ የተነቀለው፣ ምትክ አያስፈልገውም።